የማጠባ ነኝ፤ በሁዳዴ ፕሮቲን ከየት ላምጣ?

የቡሬዋ
እንዴት ሰነበታችሁ? ልጄ አራት ወር ሆኖታል፤ ጡት ብቻ ነው የሚጠባው። እሱ ደህና ነው፤ ጤና ኬላ በመዘኑት ቁጥር ኪሎው ይጨምራል። የቀለልኩት እኔ ነኝ። ቀሚሴ ሁሉ ሰፍቶኛል፤ አሁን 52 ኪሎ ነኝ።

አራስ ሳለሁ አማቴ አንቀባረው ነው የያዙኝ። ገንፎው በቅቤ፣ አጃው፣ ዶሮው። ክርስትና ከተነሳ ወዲህ ያ ሁሉ ቀረ። አሁን ደግሞ ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባቴ «ታጠቢያለሽ፣ ብይ» ብለውኛል። ግን ቤተሰቡ በሙሉ እየጾመ እኔ ለብቻዬ እንቁላል ልጠብስ? ሽታው ራሱ ያሳፍረኛል። እንጀራችን ጤፍና በቆሎ ድብልቅ ነው። ወጡ ሽሮ ፈሰስ፣ ብዙ ቀን ደግሞ ድንች።

ጓደኛዬ «አሚኖ አሲድ ያለው ዱቄት ካልጠጣሽ ወተትሽ ውሃ ይሆናል» አለችኝ። የጣሳው ዋጋ የበግ ዋጋ ነው! እውነት ያስፈልገኛል?

ነርስ፣ ደብረ ማርቆስ
ወተትሽ ውሃ አይሆንም። በ100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ 1 ግራም አካባቢ ፕሮቲን አለ። እናቲቱ ብትከሳም፣ በደንብ ባትበላም ይሄ ብዙም አይወርድም፤ ጉድለቱን የሚከፍለው የራሷ ጡንቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ስሌት ለአዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 0.83 ግራም ፕሮቲን ይላል። ላንቺ 43 ግራም ይመጣል። ለምታጠባ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት 19 ገደማ ይጨመራል። እንግዲህ በቀን 62 ያህል ያስፈልግሻል። ልጁ የሚጠባው 8 ወይ 9 ግራም ፕሮቲን ነው። ጭማሪው የበዛው ሰውነት ምግቡን ወደ ወተት ሲቀይር ግማሽ ያህሉ ስለሚባክን ነው።

አሚኖ አሲድ የሚባለው ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲሰባበር የሚወጣው ነው። ዘጠኙን ሰውነታችን መሥራት አይችልም። አንዱ ላይሲን ነው። በቆሎ ላይ በጣም ያንሳል፤ ጤፍም ከስንዴ ቢሻል እንጂ አይሞላም። ሽምብራ፣ ምስር፣ ባቄላ ግን ላይሲን ሞልቷቸዋል። እነሱ የሚያንሳቸው ሌላው አሚኖ አሲድ፣ ሜታዮኒን፣ ደግሞ ጤፉ ላይ አለ። እንጀራ በሽሮ ያለ ነገር አልተገናኙም!

ያንቺ ጣጣ የሽሮው መቅጠንና የድንቹ ቀን መብዛት ይመስለኛል። 100 ግራም የሽሮ ዱቄት 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። 50 ግራም የሽምብራ ቆሎ 10 ገደማ፣ አንድ እንቁላል 6። ቢ12 የሚባለው ቫይታሚን ግን ሽሮ ውስጥ የለም፤ ልጁም የሚያገኘው ካንቺ ነው። የንስሐ አባትሽ የፈቀዱልሽን ብይ። ኪሎሽ መውረዱን ካላቆመ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል።

እማማ ዳንግላ
ልጄ፣ አራት ወልጃለሁ፤ ሁለቱን ያጠባሁት በሁዳዴ ነው። እንቁላሉን ለምን ትጠብሽዋለሽ? ቀቅይው! ጓዳ ገብተሽ ብትበይው ማን ያሸተዋል? ሽሮውንም ማንኪያ እንዲያቆም አድርጊው። እኛ ጋ ግብጦም አለ። ተቆልቶ፣ ወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ተዘፍዝፎ ነው የሚበላው። ምሬቱ ሳይለቅ እንዳትነኪው፤ ያ መራራው መርዝ ነው።

አባወራው
ሚስቴ ስትወልድ ያን ጣሳ ገዝቻለሁ። በ15 ቀን አለቀ። ጀርባውን ሳነበው ለአንድ ጊዜ መጠጫ 20 ግራም ፕሮቲን ይላል። ነርሷ እንዳሉት ከሆነ እኮ 100 ግራም ሽሮ ነው! ያኔ የሚነግረኝ አጣሁ።

የቡሬዋ
እግዜር ይስጥልኝ። ጣሳው ቀርቷል። ዛሬ ሁለት እንቁላል ቀቅዬ ጓዳ ስልጥ አማቴ ድንገት ገቡ። ደነገጥኩ። ምንም አላሉኝም፤ ጨው አቀበሉኝ።