የሚናከስ ቡችላ ላላችሁ፦ ምን ይገዛ፣ ማን ይጠራ

ሰሞኑን ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ቡችላችን ስናጫውተው እጃችንን ጨረሰው፤ ጥሩ አሠልጣኝ ታውቃለህ?» አውቃለሁ። ግን ከመደወላችሁ በፊት እኔ ውሻዬን ቡኒን ሳሳድግ ብር ያወጣሁባቸውን ነገሮች ላወዳድርላችሁ። ቡኒ ቤታችን የገባው በሁለት ወሩ ነው። በሳምንቱ የእናቴ ነጠላ ጥለቱ ተዘልዝሎ ነበር፤ የኔ ክንድ ደግሞ ከድመት ጋር የተጣላ ሰው ክንድ መስሏል።

መጀመሪያ ብር የሚወጣበት ሐኪም ነው። የግል ክሊኒክ አለ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም አለ፤ ቢሾፍቱና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። ክትባቱን ላልጨረሰ ቡችላ የኔ ምርጫ ቤት የሚመጣው ነው። ዋጋው ወደድ ይላል። ግን ክሊኒኩ ወለል ላይ የታመመ ውሻ ተኝቶ ሊሆን ይችላል፤ ፓርቮ የሚባለው የውሻ ቫይረስ ደግሞ ለቡችላ አይራራም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወሩ ይሰጣል። ከዚያ በፊት ጥርሱ ደም ካወጣ «ጨዋታ ነው» ብላችሁ አትለፉት። ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

የኛ ሐኪም አፉን ከፍቶ አሳየኝ። 28 የወተት ጥርስ፣ እንደ መርፌ የሾሉ። በአራት ወሩ ገደማ መርገፍ ይጀምራሉ፤ ሰባት ወር ሲሞላው 42 ቋሚ ጥርስ ይኖረዋል። በመሀል ድዱ ያሳክከዋል፣ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። «ክፋት አይደለም» አለኝ። ለዚህች ቃል የከፈልኩት አይቆጨኝም።

አሠልጣኞች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ ውሻውን ለአንድ ወር ወስዶ ያሠለጥናል። ሌላው ቤት እየመጣ እናንተን ያሠለጥናል። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ እኔ መጀመሪያ ለወሳጁ ከፈልኩ። ቡኒ ሲመለስ «ቁጭ!» ሲባል እንደ ወታደር ይቀመጣል። ማታ ስናጫውተው ግን ያው እጄ። የተማረው እዚያ ግቢ፣ ከዚያ ሰውዬ ጋር ነዋ! ያገኘኋቸው አሠልጣኞች ብዙዎቹ ከፖሊስ ወይም ከመከላከያ የውሻ ክፍል የወጡ ናቸው። ጥበቃ ላይ ጎበዞች ናቸው፤ የሦስት ወር ቡችላን ማለስለስ ግን ሌላ ሙያ ነው። በስልክ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ሲነክስህ ምን ታደርጋለህ?» አፍንጫውን እመታዋለሁ ወይም አፉን ጨምቄ እይዘዋለሁ ካለ አመስግናችሁ ዝጉ። ተመትቶ የሚያድግ ቡችላ እጅ ሲዘረጋለት መፍራት ይለምዳል፤ የፈራ ውሻ ደግሞ ሲነክስ የምሩን ነው።

ወደ ዕቃው። ከሱፐርማርኬት የገዛኋት ሲጥ ሲጥ የምትል ፕላስቲክ አንድ ምሽት አልቆየችም። ከመርካቶ የመጣው የቃጫ ገመድ ይጥመዋል፣ ግን ክሩ እየተፈታ ይዋጣል፤ አንጀት ውስጥ ከተጠላለፈ ነገሩ ለኦፕሬሽን ነው። ኮንግ የሚባለው ውስጡ ክፍት የሆነ የላስቲክ መጫወቻ ጥሩ ነው። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሻንጣ ውስጥ ያስይዝ። አንደኛ የምለው ግን የሰልባጅ ጂንስ ነው። እግሩን ቆርጣችሁ ሦስት ቦታ ቅደዱት፣ እንደ ሹሩባ ጎንጉኑት፣ ጫፍና ጫፉን ቋጥሩ። ርዝመቱ ክንድ ያህል ይሁን፤ ጥርሱና ጣታችሁ እንዲራራቁ። ድዱ ሲያሳክከው ውሃ አርሳችሁ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩት። የጉሊት ካሮትም ቀዝቅዞ ይሠራል።

የተቀቀለ አጥንት ይሰነጠቃልና ይቅር። ከሉካንዳ የሚጣል ጥሬ ሳንባና ጉበትም እንደዚያው፤ በውሻው በኩል ለሰው የሚተርፍ ትል ሊኖርበት ይችላል። አንድ ጎረቤት ደግሞ ጡት እንደሚያስጥሉት ሕፃን እጄን እሬት እንድቀባ መከረኝ። ቡኒን ሁለት ቀን አስቀመጠው። መንከሱን ግን አልተወም።

ከሁሉ የሠራው ነጻ ነው። ቤት እየመጣ ያሠለጠነን ልጅ ነው ያሳየን። ጥርሱ ቆዳ ሲነካ እጅ አይነጠቅም፤ የሚሮጥ እጅ ለቡችላ አይጥ ነው። እጃችሁን አላሉት፣ ዝም ብላችሁ ተነሡ፣ ጀርባችሁን ስጡት። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል። ከዚያ ተመለሱና ጂንሱን አቀብሉት። ጂንሱን ሲይዝ ጨዋታ፣ ቆዳ ሲይዝ ጨዋታ የለም። እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ፈጀ።

በአንድ ሳምንት ሊያልቅ ይችል ነበር፣ ዘበኛችን ጋሼ ባይኖሩ። ጠዋት ጠዋት ሳይ እጃቸውን አፉ ውስጥ ከተው እየታገሉት «ጃስ! ጃስ!» ይላሉ። «ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ስላቸው «ወንድ ይሁን እንጂ፣ በግ ነው እንዴ የምታሳድገው?» ብለው ሳቁብኝ። በርበሬ ሊያበሉትም አስበው ነበር፣ ቁጡ ይሆናል ብለው። የሚያተርፈው ሆዱን መቃጠል ብቻ መሆኑን በስንት ልመና አሳመንኳቸው። ጂንሱን እጃቸው ላይ አስያዝኳቸው። «በዚህ ይታገሉት፣ ጃሱንም ይበሉ።» ተስማሙ። አሁን ከኔ በላይ እሳቸው ናቸው ደንቡን የሚያስከብሩት።

አንድ ነገር ልረሳ ነበር፣ እንቅልፍ። ቡችላ በቀን ከ18 እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ቡኒ ምሽት 12 ሰዓት ላይ እብድ ይሆን ነበር፤ ሶፋ ለሶፋ ይሮጣል፣ ቁርጭምጭሚት ይነክሳል። ያልተጫወተ መስሎን ይበልጥ እናጫውተዋለን። ለካ ደክሞት ነው! ካርቶኑ ውስጥ አስገብተን መብራት ስናጠፋ አምስት ደቂቃ አይቆይም።

ቤት የሚመጣውን ልጅ ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትጽፉ የቡችላውን ዕድሜ፣ በስንት ወሩ ከእናቱ እንደተለየና ግቢያችሁ ውስጥ «ጃስ» የሚል ሰው መኖር አለመኖሩን ጨምሩበት። ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።