«ኬሌቲንግ ኤጀንት»ን በአማርኛ ማን እንበለው?

ጠያቂዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ባሕር ዳር ፈሳሽ ሳሙናና ሻምፖ ለሚያመርቱ ወጣቶች የጥሬ ዕቃ መግለጫ እየተረጎምሁ ነው። ለሽቶው፣ ለቀለሙ፣ ለአረፋ ማውጫው ሁሉ አማርኛ ተገኘ፤ «ኬሌቲንግ ኤጀንት» ላይ ስደርስ ብዕሬ ቆመ። በከረጢቱ ላይ የተጻፈው ስም ቴትራሶዲየም ኢዲቲኤ ነው፤ ነጭ ዱቄት ነው። ከዚህ በፊት የተረጎመላቸው ሰው «ውኃ ማጣሪያ» ብሎት ኖሮ፣ ልጆቹ ዱቄቱን በርሜል ውኃ ውስጥ በጥብጠው ዝቃጩ እስኪወርድ ሲጠብቁ አደሩ። ምንም አልወረደም። ምን ትሉታላችሁ?

የኬሚስትሪ መምህር፦ ሊወርድም አይችልም። ማጣሪያ አንዱን ከሌላው ይለያል፤ ይህ ግን ከውኃው የሚያወጣው ነገር የለም። ውኃው ውስጥ ያለው ማዕድን፣ ካልሲየሙም ማግኒዢየሙም፣ እንደሟሟ እዚያው ይቀራል። ልዩነቱ ማዕድኑ በዱቄቱ መያዙ ነው፤ ከሳሙናው ጋር ተገናኝቶ በገንዳው ጠርዝ ላይ የሚቀረውን ግራጫ ዝቃጭ መሥራት አይችልም።

«ኬሌት» የሚለውን ቃል ሞርጋንና ድሩ የተባሉ ኬሚስቶች እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920 ያወጡት ከግሪክ «ኬሌ» ነው፤ የሸርጣን መቆንጠጫ ማለት ነው። ኢዲቲኤ ራሱ በ1935 በጀርመን በፈርዲናንድ ሙንዝ እጅ ተሠራ። አንዷ ሞለኪውል አንዱን የካልሲየም አዮን (ውኃ ውስጥ የሟሟ ቅንጣት) በስድስት በኩል ትይዘዋለች፤ በሁለት ናይትሮጅንና በአራት ኦክሲጅን። እኔ «ቆንጣጭ» ብለነው እንለፍ ባይ ነኝ።

ከሽምብጥ ሰፈር፦ መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ቆንጣጭ» ሲባል መጀመሪያ የሚሰማኝ የልጅነት ጭኔ ነው። ቁንጥጫ ደግሞ የአፍታ ነገር ነው፤ ቆንጥጦ ይለቃል። «ማዕድን ማራኪ» የሚልም ሰው ገጥሞኛል። ማረከ የጦር ሜዳ ቃል ሳለ ያምር ነበር፤ ዛሬ ግን ሻምፖ ላይ «ማራኪ» ተብሎ ቢጻፍ ገዥዋ ጸጉሬን ሊያስውብልኝ ነው ብላ ትወስደዋለች እንጂ ካልሲየም ትዝ አይላትም። «ወረንጦ»ም ቀርቧል፤ እሾህ ነቅሎ ስለሚያወጣ ልጆቹን ወደዚያው ወደ ዝቃጭ ጥበቃ ይመልሳቸዋል።

እኔ የምመርጠው «ጉጠት» ነው። አንጥረኛው የጋለውን ብረት በጉጠት የሚይዘው ሊጥለው አይደለም፤ ብረቱ ሌላውን እንዳያቃጥል በቁጥጥሩ ሥር አድርጎ ወደፈለገው ሊያዞረው ነው። ለሸርጣኑም እግር ቅርብ ነው። (ሸርጣንን እንግዳ ነው የሚል ካለ፣ ኮከብ ቆጣሪዎቻችን ከአሥራ ሁለቱ አንዱን በዚሁ ስም እንደሚጠሩት ያስታውስ።)

ከማቅለሚያ ክፍል ጡረታ የወጣሁ፦ «ጉጠት» ያሉት ጥሩ ብለዋል፤ «ብረት ያዥ» የሚል ሐሳብ እንዳይመጣ ግን ከወዲሁ እቃወማለሁ። በአማርኛ ብረት ስንል አንዱን ዝገት የሚያበቅለውን ነው የምናስበው፤ ካልሲየምን ብረት ብሎ የሚጠራ ሰው የለም። «ማዕድን» ይሻላል።

ከሥራዬ ላካፍላችሁ። ጥሬ የጥጥ ጨርቅ በሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ሲነጣ፣ ከቧንቧ የመጣች የዝገት ቅንጣት ጨርቁ ላይ ካረፈች ፐርኦክሳይዱን እዚያችው ቦታ ላይ በአንዴ ታፈላዋለች። ጨርቁ ሲወጣ ነጭ ነው፤ ብርሃን ላይ ሲያነሡት ግን የመርፌ ቀዳዳ የሚያክል ብስ ይታያል። ያንን ለመከላከል ነው ጉጠት የሚጨመረው። አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) በበረታበት ገንዳ ኢዲቲኤ ብረቱን መያዝ ስለሚሳነው ዲቲፒኤ የተባለው ዘመዱ ይመረጣል። ስለዚህ ጉጠት የወል ስም ይሁን፤ ኢዲቲኤ ከጉጠቶች አንዱ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦ ወይን ጠጅ ክዳን ያለውን የደም መቅጃ ብልቃጥ የማያውቅ የለም። ውስጡ የተቀባው የፖታሲየም ኢዲቲኤ ነው፤ ደም ያለ ካልሲየም አይረጋምና ካልሲየሙን ይዞበት ፈሳሽ እንደሆነ ያቆየዋል። አንዳንድ ጊዜ ሰው ቸኩሎ ከዚያ ብልቃጥ ወደ ሌላው ይገለብጣል። ውጤቱ ሲወጣ ፖታሲየሙ ጣሪያ ነክቶ ካልሲየሙ ወለል ላይ ነው፤ በሽተኛው ግን አልጋው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። ይህን ያየን ሰዎች ደሙን ሳይሆን ብልቃጡን እንጠረጥራለን።

ለእኅታችን የምለው፣ የወል ስሙን ተርጉሚ፤ የተጸውዖ ስሙን ግን አንዲት ፊደል እንዳትነኪ። ለእርሳስ መመረዝ የሚሰጠው ካልሲየም ዲሶዲየም ኢዲቲኤ ነው። «ካልሲየም» የምትለዋ የሌለችበት ዲሶዲየም ኢዲቲኤ በደም ሥር ሲገባ የበሽተኛውን ካልሲየም ጠራርጎ ይይዛል። ከ2003 እስከ 2005 በአሜሪካ በዚህ ሰበብ ልጆች ጭምር ሞተዋል።

ከሐይቁ ዳር፦ ስለ ስሙ ተስማምቻለሁ፤ አንድ ነገር ግን መግለጫው ላይ ይግባ። ኢዲቲኤ ቶሎ አይበሰብስም። የገንዳው እጣቢ በቦይ ወርዶ ውኃ ውስጥ ሲገባ፣ ጭቃው ውስጥ አርፎ የተቀመጠውን ከባድ ማዕድን ይዞ ሊያነሣው ይችላል። ጣና በእምቦጭ የደረሰበት ይበቃዋል። ከግሉታሚክ አሲድ የሚሠራና በቀላሉ የሚበሰብስ ጂኤልዲኤ የተባለ ጉጠት አለ፤ ዋጋውን ይጠይቁ።

ጠያቂዋ፦ ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ ጉጠትዎን ወሰድሁ። እንዲህ ጽፌዋለሁ፦ «ቴትራሶዲየም ኢዲቲኤ፦ የማዕድን ጉጠት። በውኃው ውስጥ ያለውን ካልሲየም፣ ማግኒዢየምና ብረት ባለበት ይይዛል እንጂ አያወጣም፤ ዝቃጭ አይጠበቅም። እጣቢው ወደ ሐይቅም ወደ ወንዝም አይለቀቅ።»

የኬሚስትሪ መምህር፦ ቆንጣጬን በክብር አንሥቻለሁ። «አረፋ ማውጫው ከመግባቱ በፊት ለብቻው ውኃው ውስጥ ይሟሟ» የሚል ጨምሪበት፤ መጠኑም ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ በማንኪያ ሳይሆን በሚዛን ይለኩት። ደግሞ የቴትራሶዲየሙ ውሕድ አልካላይ ስለሆነ፣ ሻምፖው ሲያልቅ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድና የአልካላይ መለኪያውን፣ በሲትሪክ አሲድ ዝቅ ያድርጉት። ለሲትሪክ አሲድ «የሎሚ አሲድ» ብለሽ እንደሆነ እሱን አልከራከርሽም።