«ይርጋ ማነው?» ላሉኝ እናት ምን ልበላቸው?

ማመልከቻ ጸሐፊዋ፦
ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት የተከሳሹን መልስ ይዘው መጡ። አነበብኩላቸው። «ክሱ በይርጋ የታገደ ስለሆነ ውድቅ ይደረግልኝ» ይላል። እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ ይርጋ ደግሞ የማን ልጅ ነው? ምን አድርጌው ነው የሚያግደኝ?» አሉኝ። አጠገባችን ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከ12 ዓመት በፊት ለጎረቤት ያበደሩት ገንዘብ ነው። ነገሩ ከሆዴ አልወጣም። እናንተ ይህን ቃል ለሰው እንዴት ታስረዳላችሁ?

ጠበቃው፦
እኔ በእርጎ ነው የማስረዳው። ይርጋም እርጎም ከ«ረጋ» የመጡ ናቸው። ሳይነካ የከረመ ወተት ይረጋል፤ ሳይጠየቅ የከረመ ነገርም ይርጋ፣ ከእንግዲህ አይናጥ ይላል ሕጉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት የውል ክስ ማቅረቢያ ጊዜው፣ ሌላ ገደብ ካልተቀመጠለት፣ 10 ዓመት ነው። አንድ ገበሬ ይህን ስነግራቸው «እንግዲያ የኔ ገና ወተት ነው!» አሉኝ። ብንቆጥረው 6 ዓመቱ። ልክ ናቸው!
አንድ ነገር ግን እማማን ጠይቂያቸው። ባለዕዳው በመሀል ዕዳውን ካመነ ወይም ከፊሉን ከከፈለ ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

የመዝገብ ቤቱ፦
የኛ ባለጉዳዮች ደግሞ «ነገረ ፈጅ» የሚለው ላይ ነው የሚያቆሙን፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚሟገተው የሕግ ባለሙያ ማለት ነው። አንዱ የመሥሪያ ቤቱን ነገረ ፈጅ መዝገብ ቤት ድረስ ተከትሎ መጥቶ «ስምህ እንደዚህ ከሆነ የኔን ነገር ለምን አትፈጀውም?» አለው። ነገረ ፈጁ ራሱ በሳቅ ሞተ። አያቶቻችን «በላ ልበልሃ» እያሉ ሲሟገቱ ቃሉ ለዳኛውም፣ ለከበበው ሕዝብም ይገባ ነበር። በነገር ሲዋጉ ሸንጎው የሚስቀው ስለገባው ነው። ዛሬ ባለጉዳዩ የራሱን ክስ በአስተርጓሚ ይሰማል፤ ያውም ከአማርኛ ወደ አማርኛ። ይህ ያንገበግበኛል።

ማመልከቻ ጸሐፊዋ፦
ጠበቃው፣ እግዜር ይስጥልኝ! ጠየቅኳቸው። ሰውየው የዛሬ 4 ዓመት ለፋሲካ 2,000 ብር ከፍሎ፣ ቀሪውን እከፍላለሁ ብሎ ፈርሟል። ወረቀቱ ቤታቸው ሳጥን ውስጥ ነው። የእርጎውን ነገር ስነግራቸው ገና ሳልጨርስ ገባቸው። ብድግ አሉ። «በይ ጻፊ! እንግዲህ ይርጋን የማግደው እኔ ነኝ።»