መኪናዬ ቆማ ባትሪዋ እየሞተብኝ ነው

ጠያቂ፦ መኪናዬን የምነዳት በወር አንዴ ቢሆን ነው። እንዳትሞትብኝ ብዬ በየሳምንቱ ለ5 ደቂቃ አስነስቼ አጠፋታለሁ። ዛሬ ቁልፉን ሳዞረው "ቀጭ ቀጭ" ብቻ! ባትሪው ገና 2 ዓመቱ ነው። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ያቺ 5 ደቂቃ ናት ጉዱ። ሞተር ማስነሳት ብዙ ይበላል፤ ለአጭር ጊዜ ቆሞ መሥራት የወሰደውን አይመልስም። ወይ ግማሽ ሰዓት በደንብ ንዳት፣ ወይ አትንካት።

ሌላ መልስ፦ እኔ ለረጅም ጊዜ ሳቆም የባትሪውን ኔጌቲቭ (−) ገመድ እፈታለሁ። አላርምና ሰዓት መኪናው ቆሞም ይበላሉ። ሬዲዮህ ኮድ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ቀድመህ ጻፈው። እኔ ረስቼው ሁለት ሳምንት ያለ ሙዚቃ ነዳሁ!

ጠያቂ፦ በቴስተር ለካሁት፤ 11.8 ቮልት።

መልስ፦ ባዶ ነው በለው። ሙሉ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 አካባቢ ነው። ዛሬውኑ ቻርጅ አድርገው፤ ባዶውን በቆየ ቁጥር በውስጡ ያሉትን የእርሳስ ሳህኖች ሰልፌት (ቻርጅ እንዳይይዙ የሚያደርግ ቅርፊት) ይይዛቸዋል።