የብረት ኳስ ዩኒፎርም ፊልድ ውስጥ፦ መልሴ ሁሉ ዜሮ ሆነብኝ

ጠያቂ፣ ከደሴ፦
ሰላም እንዴት አላችሁ። ሦስተኛ ዓመት ፊዚክስ ነኝ፣ ከነገ ወዲያ ፈተና አለብኝ፣ መብራትም ጠፍቷል። ቻርጅ የሌለው የብረት ኳስ ዩኒፎርም (በየቦታው መጠኑም አቅጣጫውም አንድ የሆነ) ኤሌክትሪክ ፊልድ ውስጥ ተቀምጧል፤ ዙሪያው ያለውን ፖቴንሺያል (በቮልት የሚለካውን) አውጡ ይላል ጥያቄው። ኳሱ ላይ ዜሮ አልኩ። በጣም ሩቅም እንደለመድነው ዜሮ አልኩ። ሁለት ገጽ ሙሉ ሠርቼ በሁሉም ቦታ ዜሮ ወጣ! የት ጋ ነው የሳትኩት?

ጦሳ ሥር፦
አብሽር፣ ሒሳብህ ልክ ነው። የተበላሸው መነሻው ነው። ዜሮና ዜሮ አስገብተህ ሌላ ቢወጣ ነበር የሚገርመኝ። «ሩቅ ላይ ዜሮ» የሚሠራው ቻርጆቹ በሙሉ አንድ አካባቢ ሲሰበሰቡ ነው፤ እዚህ ግን የቱንም ያህል ብትርቅ ፊልዱ አይለቅህም፣ ስለዚህ ሩቅ ላይ ፖቴንሺያሉ − ኢ₀ × ር × ኮሳይን ቴታ መሆን አለበት (ኢ₀ የዋናው ፊልድ መጠን፣ ቴታ ከፊልዱ አቅጣጫ የሚለካው ማዕዘን)። እሱን ስታስገባ ከሌጀንደር ተርሞቹ (መልሱ ተደምሮ የሚሠራባቸው የኮሳይን ቴታ ፖሊኖሚያሎች) ሌሎቹ ይረግፉና ይቺ ትቀራለች፦

− ኢ₀ × (ር − ራ³/ር²) × ኮሳይን ቴታ

ር ከመሃል ያለው ርቀት፣ ራ የኳሱ ራዲየስ። ር = ራ ስትል ቅንፉ ዜሮ ይሆናል። ሁለተኛዋ ተርም ዳይፖል (የፕላስና የማይነስ ቻርጅ ጥንድ) ናት፤ ፊልዱ ኳሱ ላይ ያለውን ቻርጅ ወዲያና ወዲህ ስለገፋው የመጣች። ቶሎ ትከስማለች፣ በ ር = 2ራ ላይ ከመጀመሪያዋ 1/8 ብቻ ናት።

ጠያቂ፦
ኧረ ገባኝ! (በነገራችን ላይ ሴት ነኝ።) ኳሱ ትልቅ ከሆነ ፊልዱ ላዩ ላይ ይበረታል?

የኮምቦልቻ ሰው፦
አይበረታም እህቴ፣ ደስ የሚለው እሱ ነው። የፖቴንሺያሉን ዴሪቬቲቭ በ ር ውሰጂ፣ ምልክቱን ገልብጪና ር = ራ አድርጊ፤ 3 × ኢ₀ × ኮሳይን ቴታ ይወጣል። ራ የለችበትም! ኳሱ ሽምብራ ቢያክል የጦሳን ተራራ ቢያክል፣ ፊልዱ በሚገባበትና በሚወጣበት ጫፍ ሦስት እጥፍ ነው። አየር በሜትር ወደ 3 ሚሊዮን ቮልት ላይ ይበሳል (ቻርጅ ማሳለፍ ይጀምራል)፤ ኳስ ካለ ግን ዋናው ፊልድ 1 ሚሊዮን ሲደርስ ጫፉ ላይ ብልጭታ ይጀምራል። ሌላም ልጨምርልሽ። ቴታ 90 ዲግሪ በሆነበት ወለል ላይ ፖቴንሺያሉ ዜሮ ነው አይደል? ስለዚህ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ላይ የግማሽ ኳስ ቅርጽ ያለው የብረት ሳህን ብትደፊ፣ ከቆርቆሮው በላይ ያለው መልስ ያው ራሱ ነው። ፈተና ላይ እንዲህ አድርገው ደብቀው ያመጡታል።

ጠያቂ፦
ኳሱ ቻርጅ ካለውስ? ስልኬ 4 ፐርሰንት ነው፣ ቶሎ በሉኝ።

ጦሳ ሥር፦
ይቅርታ እህቴ፣ አንተ ብዬሽ ነበር። ቻርጁን ለ 4ፓይ × ኤፕሲሎን₀ × ር አካፍለሽ (ኤፕሲሎን₀ የባዶ ቦታ ኤሌክትሪካዊ ቋሚ ቁጥር ናት) ከላይኛው ፖቴንሺያል ጋር ደምሪው። ኳሱ ያኔ ዜሮ አይሆንም፣ ግን ላዩ በሙሉ እኩል ነው። በይ አሁን ተኚ።