የጋራ ጥናት ዕቅድ፦ የመድኃኒት ክሪስታል ገጽ

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ረቂቃችን በጣም ሰፍቷል። የታብሌት ጥንካሬ፣ የዱቄት አፈሳሰስ፣ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት፣ ሁሉም ገብቶበታል። እኔን የሚያሳስበኝ አንድ ጥያቄ ነው። አንድ መድኃኒት ሁለት ጊዜ ተመረተ እንበል። ንጽሕናውም የቅንጣቱ መጠንም እኩል ነው። ታዲያ አንዱ በደንብ ሲሟሟ ሌላው ለምን ይለግማል? በዚህ ላይ ብናተኩርስ?

ከክሪስታል ክፍል፦
እስማማለሁ። ክሪስታል በሁሉም ጎኑ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንዱ ፊት ውሃ የሚስቡት የሞለኪውሉ ክፍሎች ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ በሌላው ተደብቀው ይቀራሉ። ፓራሲታሞልን ብቻ እንውሰድ፣ ጥሩ ማሳያ ነው። የተለመደው የክሪስታል ዓይነቱ ሲሰበር በአንድ በታወቀ አቅጣጫ ይሰነጠቃል። እዚያ የሚጋለጠው ፊት ደግሞ ከሌሎቹ ይልቅ ውሃን ይሸሻል። በፈጨነው ቁጥር ያ ፊት ይበዛል።

ከታብሌት ክፍል፦
ይሄ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው! መድኃኒቱ ቀስ ብሎ ከሟሟ «ይፈጭ» እንላለን። ሲፈጭ የገጹ ስፋት ይጨምራል፣ መሟሟቱም ይፈጥናል፣ እውነት ነው። ግን ውሃ የማይደርስበት ስፋት ምን ይሠራል? ዱቄቱ ተጓጉሎ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። አንድ ነገር ይጨመርልኝ፦ ማግኒዚየም ስቴሬት፣ ማለትም ዱቄቱ ከማሽኑ ጋር እንዳይጣበቅ የሚገባው ማለስለሻ። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ አይበልጥም። ድብልቁ ረጅም ጊዜ ከተማታ ግን ቅንጣቶቹን እንደ ሰም ይለብሳቸዋል። ታብሌቱ ይላላል፣ መሟሟቱም ይዘገያል። የማደባለቂያው ሰዓት ለሁሉም እኩል ካልሆነ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አናውቅም።

ከክሪስታል ክፍል፦
ልክ ነው፣ ይግባ። የሪቶናቪር (የኤችአይቪ መድኃኒት) ታሪክ ግን ከመግቢያው ይውጣ። በ1998 ካፕሱሉ ከገበያ የወጣው ከዚያ በፊት ያልታወቀ፣ በጣም ያነሰ የሚሟሟ የክሪስታል ዓይነት ስለተፈጠረ ነው። ያ የውስጥ አደራደር ጉዳይ ነው። አንባቢን ያደናግራል።

ከመለኪያ ክፍል፦
ረቂቁ ላይ «ዱቄቱን ጨምቀን የውሃ ጠብታ እናስቀምጥ» ተብሏል። እባካችሁ ይሄ ይቅር። ሲጨመቅ ልንለካው የፈለግነው ገጽ ራሱ ይለወጣል። ጠብታው ምን ያህል እንደሚዘረጋ በትልቁ ባሳደግነው ክሪስታል ላይ፣ በየፊቱ ይለካ። ለዱቄቱ ተገላቢጦሽ ጋዝ ክሮማቶግራፊ ይሻላል። ዱቄቱ ቱቦ ውስጥ ይሞላል፣ የታወቁ ትነቶች ያልፉበታል፣ የመዘግየታቸው መጠን የገጹን ኃይል፣ ማለትም ሌላ ነገር ምን ያህል እንደሚስብ፣ ይነግረናል።
ሌላም አለ። መፍጨት የክሪስታሉን ላይኛ ክፍል ሥርዓቱን አሳጥቶ አሞርፈስ ሊያደርገው ይችላል። እሱ እርጥበት ይስባል፣ ውሎ አድሮም ወደ ክሪስታልነቱ ይመለሳል። ስለዚህ እንደተፈጨ አንዴ፣ ከቆየ በኋላ ደግሞ አንዴ እንለካ።

አስተባባሪ፦
ጥሩ። ጥያቄያችን እንዲህ ይጻፍ፦ «በመፍጨት የደቀቀና ከመጀመሪያው ደቅቆ ያደገ ፓራሲታሞል፣ በአንድ ወንፊት አልፈው መጠናቸው ሲመሳሰል፣ በውሃ መራስና በመሟሟት ይለያያሉ ወይ?» በአፍ የሚሳበው መድኃኒት ለሚቀጥለው ዙር ይቆየን። የታብሌት ክፍል የማደባለቂያውን ሰዓት፣ የመለኪያ ክፍል የማቆያውን እርጥበትና ሙቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ። ተቃውሞ ያለው እስከ ሐሙስ ያሳውቅ።