የአባቴ ኤምአርአይ "ዲስክ" ይላል፣ አዲስ አበባ ሄደን እንድገመው ወይ? (አዳማ)

የፍራንኮዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ 58 ዓመቱ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ጅቡቲ መስመር ላይ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ወገቡን ድሮም ያመው ነበር ግን አሁን ሁለት ወር ሊሆነው ነው ህመሙ ከወገቡ ተነስቶ በግራ መቀመጫው አድርጎ እስከ እግሩ ይነዝረዋል፣ ሲያስነጥሰው እንኳ ይጮሃል። ሶደሬ ፍል ውሃ ገባ፣ ወጌሻ አሸው፣ ቀለል ይለውና ተመልሶ ያው። መጨረሻ ላይ እዚሁ አዳማ ኤምአርአይ ተነሳ፣ ሪፖርቱ ኤል4-ኤል5 ዲስክ ባልጅ፣ ኤል5-ኤስ1 ፕሮትሩዥን፣ ዲጄኔሬቲቭ ቼንጅ ምናምን እያለ ገጹን ሞልቶታል። ይሄን ካነበብንለት ወዲህ አከርካሪዬ አልቋል ብሎ ከአልጋ አልወርድም አለ። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን አያስፈልገውም ፊዚዮቴራፒ ይጀምር ነው ያለው፣ አሜሪካ ያለው አጎቴ ግን የአዳማው ማሽን ደካማ ነው አዲስ አበባ ሄዳችሁ በ1.5 ቴስላ ድገሙት ብሩን እኔ እልካለሁ ይላል። ቀኝ ጉልበቱንም ደረጃ ሲወርድ ያመዋል፣ ራጅ ተነስቶ ክፍተቱ ጠቧል ተብሏል። ከሄድን አይቀር እሱንም ኤምአርአይ እናስነሳው ወይ? የምታውቁ እባካችሁ።

ፊዚዮው፦
እህቴ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። ከኤምአርአዩ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂልኝ። ሽንቱ አልመጣ ይለዋል ወይ ያመልጠዋል? መቀመጫውና ብልቱ አካባቢ ይደነዝዘዋል? እግሩ እየከዳው ነው፣ ሲራመድ ጫማው መሬት ላይ ይጎተታል? ከነዚህ አንዱ ካለ ቀጠሮ ምናምን የለም፣ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

ከሌለ ደግሞ ሪፖርቱ አያስደንግጣችሁ። ዲስክ ማለት በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለች ትራስ ናት፣ ባልጅ ትንሽ አበጥ ማለቷ፣ ፕሮትሩዥን በአንድ በኩል ወጣ ማለቷ፣ ዲጄኔሬቲቭ ቼንጅ ደግሞ የዕድሜ ለውጥ ነው፤ ኤል4፣ ኤል5፣ ኤስ1 የአጥንቶቹ ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 33 ጥናቶችን አንድ ላይ አድርገው ወገባቸውን ጭራሽ የማያማቸውን ከ3 ሺህ በላይ ሰዎች ምስል ሲያዩ፣ ዲስክ ባልጅ በ20 ዓመት ልጆች 30 ከመቶ፣ በ50 ዓመት 60 ከመቶ፣ በ80 ዓመት 84 ከመቶ ነበር የተገኘው። እና በአባትሽ ዕድሜ ባልጅ መገኘቱ እንደ ሽበት ነው በቃ። እኔን የሚያሳስበኝ ሪፖርቱ ስንት መስመር ሆነ ሳይሆን ምስሉና ህመሙ ይገጥማሉ ወይ የሚለው ነው። መንዘሩ የሚያልቀው የእግሩ አውራ ጣት ላይ ነው ወይስ ትንሿ ጣቱ ጋ? ፕሮትሩዥኑስ በየት ጎን ነው ይላል? አብዛኛውን ጊዜ ኤል5-ኤስ1 ላይ የወጣ ዲስክ የሚነካው ኤስ1 ነርቭን ነው፣ እሱ ደግሞ በባት በኩል ወርዶ ወደ ትንሿ ጣት ይሄዳል። ኤል4-ኤል5 ከሆነ ወደ አውራ ጣት ነው።

ሞጆ መገንጠያ፦
አጎትሽ ብሩን ይላክ፣ ለፊዚዮው ይሆናል 😂

የአሰላ ልጅ፦
ፊዚዮው ልክ ነህ ግን "አያስደንግጣችሁ" የሚለውን ሁሉም ሰው ለራሱ እንዳይወስደው። እናቴ ወገቧን ስንት ጊዜ በወጌሻ ስትታሽ ከረመች፣ ማታ ማታ ያልባታል፣ ትኩሳት አላት፣ ክብደቷ ወረደ፣ እኛ ስራ በዝቶባት ነው እንላለን። ራጁ ደህና ነው ተባለ። በኋላ ኤምአርአይ ስትነሳ የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ፣ ዓመት ሙሉ መድኃኒት ወስዳ ነው የዳነችው። እና እህቴ አባትሽ ማታ ላብ፣ ትኩሳት፣ መክሳት ካለው ለሐኪሙ ንገሩት። ወጌሻውን ደግሞ ባታስነኩት ደስ ይለኛል፣ ምን እንደሆነ ሳይታወቅ አከርካሪ ላይ መጫን ምን የሚሉት ነው?

ራዲዮግራፈር፦
ስለ ቴስላ ላስረዳ። ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት ነው። ጎኑ ክፍት የሆኑት ማሽኖች ብዙዎቹ ከ0.5 በታች ናቸው፣ ምስሉ ትንሽ ይደበዝዛል፣ ጊዜም ይወስዳሉ፣ ሰውየው ከተነቃነቀ ደግሞ ይበላሻል (አመመኝ ብሎ የሚገላበጥ ታካሚ ስንቴ አጋጥሞኛል)። ግን ነርቭ የነካ ዲስክን ለማየት አብዛኛውን ጊዜ ይበቃሉ። ቁም ነገሩ ያነበበው ራዲዮሎጂስት ምስሉ አይነበብም ብሎ ጽፏል ወይ ነው፣ ካልጻፈ ለምን ትደግሙታላችሁ?

ጉልበቱን በተመለከተ ራጁን ሲነሳ ቆሞ ነው ወይስ ተኝቶ? ክብደቱ ሳያርፍበት ከተነሳ ክፍተቱ በትክክል አይታይም፣ ስለዚህ ተኝቶ ከነበረ ቆሞ ይነሳ፣ ርካሽም ነው። ጉልበቱ ተጠምዞ ካልተጎዳ ወይም ተቆልፎ አልዘረጋም ካላለ ኤምአርአዩ ብዙ አይጨምርለትም። በዚህ ዕድሜ ሜኒስከሱ (ጉልበት ውስጥ ያለችው ትራስ) ተቀዷል የሚል ነገር ብዙ ጊዜ ይወጣል፣ ከዛ ይቆረጥ የሚል ይመጣል። ፊንላንድ ውስጥ በ2013 የወጣ ጥናት አለ፣ አርትራይተስ (የመገጣጠሚያ መበላት) ገና ያልያዛቸው ሰዎች ላይ እንኳ፣ ግማሾቹን የተቀደደውን ቆርጠው አወጡላቸው፣ ግማሾቹን ካሜራ አስገብተው አይተው ብቻ ምንም ሳይቆርጡ ሰፏቸው፣ ከዓመት በኋላ ህመማቸው ላይ ልዩነት አልተገኘም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ወደፊት ኤምአርአይ የሚነሳ ከሆነ መንገድ ላይ ብየዳ ነክቶ ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁት። ሹፌሮች ሁሉንም ይሞክራሉ፣ አይን ውስጥ የቀረች የብረት ብናኝ ማግኔቱ ሲስባት አይን ታጠፋለች።

የፍራንኮዋ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ሽንቱም እግሩም ደህና ነው፣ ትኩሳትም የለውም። ትንሿ ጣቱ ነው፣ ሪፖርቱም ግራ ይላል። ራጁን ተኝቶ ነው የተነሳው። አሁን አልጋ ላይ ይተኛ ወይስ ይንቀሳቀስ? ስራስ?

ፊዚዮው፦
ምስሉና ህመሙ ገጠሙ ማለት ነው፣ ሲደገምም ያንኑ ነው የሚነግራችሁ። አልጋውን ይተው፣ በየሰዓቱ ተነስቶ ግቢ ውስጥ ይዙር፣ ፊዚዮውን ይጀምር። እንዲህ አይነቱ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ እየበረደ ይሄዳል። ተሳቢውን ለጊዜው ሌላ ሰው ይንዳው፣ ጅቡቲ ድረስ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጦ አይሆንም። ካልተሻለው ወይም እግሩ ከደከመ መርፌና ኦፕራሲዮን የሚባለው ያኔ ይታያል።

የፍራንኮዋ፦
እሺ። አጎቴ እዛ ላለ ሐኪም ላሳይ ላኩልኝ ይላል፣ እኛ ጋ ያለው ወረቀቱ ብቻ ነው።

ራዲዮግራፈር፦
ወረቀቱ አይበቃውም፣ ሐኪም ምስሉን ራሱ ማየት ይፈልጋል። ያነሱት ቦታ ሄደሽ ሲዲ ስጡኝ በያቸው፣ ቶሎ ሂጂ ግን፣ አንዳንድ ቦታ ማሽኑ ሲሞላ የድሮውን ያጠፉታል። ፊልሙን በስልክ ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም እንዳትልኪ፣ ምንም አይታይም።